ከመድረክ የሚያስወጣን ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአሜሪካ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ተቃዋሚ ተጎትቶ ሲወጣ በታየ ቁጥር «የመናገር መብት የት አለ?» ይባላል። መልሱ መድረኩን ማን እንዳዘጋጀው ሳይታወቅ አይገኝም። የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው። የዕጩ ዘመቻ ኮሚቴ ግን እንደ ግል ድርጅት ስለሚቆጠር የማይደግፈውን ሰው ከበር መመለስ ይችላል። ቦታው የሕዝብ ሜዳ መሆኑም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሃዮ፣ ስትሮንግስቪል ከተማ፣ ለአባት ቡሽ ቅስቀሳ በተፈቀደ ሜዳ ላይ የተፎካካሪያቸውን የክሊንተንን ባጅ ያደረገ ሰው በመከልከሉ ክስ ቀርቦ ነበር፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለከተማዋ ፈረደ።

መድረኩ በግብር ከፋዩ ገንዘብ ሲዘጋጅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጁላይ 4 ቀን 2004 ባልና ሚስት የፕሬዚዳንት ቡሽ (የልጅየው) ስም የተሰረዘበት ካናቴራ ለብሰው በዌስት ቨርጂኒያ ምክር ቤት ግቢ ተገኙ። አናወልቅም፣ አንሸፍንም ስላሉ በካቴና ታስረው ተወሰዱ። ክሱ ተሰረዘላቸው፤ እነሱ በበኩላቸው ሲከስሱ መንግሥት በ2007 80 ሺህ ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን በስምምነት ዘጋ። በዚሁ ክርክር ይፋ የወጣው የ2002 የኋይት ሀውስ መመሪያ በር ላይ የታጠፈ የጨርቅ መፈክር እንዲፈለግ፣ የደጋፊ ቡድኖችም ተቃዋሚውን በባነር ከጋዜጠኞች እንዲጋርዱትና ድምፁን በጩኸት እንዲውጡት ያዛል።

በ2005 ደግሞ በዴንቨር፣ ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) በተጠራ የመንግሥት ስብሰባ፣ ሰዎች ምንም ሳይረብሹ ተባረሩ። ምክንያቱ የመጡበት መኪና ላይ የተለጠፈ የጦርነት ተቃውሞ ነበር። በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ፣ ይህን የሚከለክል በግልጽ የታወቀ ሕግ በወቅቱ አልነበረም ብሎ ያስወጧቸውን ሰዎች ከተጠያቂነት ነፃ አደረገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ፤ ዳኛ ጊንስበርግና ዳኛ ሶቶማዮር ግን ተቃወሙ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። «ግልጽ ሕግ አልነበረም» ተብሎ በደል የሚታለፍ ከሆነ ሕጉ መቼም ግልጽ አይሆንም፤ ኮንግረስ በመንግሥት መድረክ ላይ ሰውን በአመለካከቱ ማባረርን በማያሻማ ቃል ሊከለክል ይገባል።

እስከዚያው «ውጡ» ከተባላችሁ ያዘዛችሁ ፖሊስ፣ ሲክሬት ሰርቪስ (የፕሬዚዳንቱ ጥበቃ) ወይስ በጎ ፈቃደኛ እንደሆነ ጠይቁ። ስሙን፣ የባጅ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የሰጣችሁን ምክንያት መዝግቡ፤ የምስክሮችን ስልክ ያዙ። ከዚያ ውጡ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚታሰረው በያዘው ጽሑፍ ሳይሆን ውጣ ሲባል አልወጣም በማለቱ ነው። ሲክሬት ሰርቪስ በከለለው ቦታ ያለፈቃድ መገኘት በፌዴራል ሕግ እስከ 1 ዓመት ያሳስራል። ስብሰባ መረበሽም በካሊፎርኒያና በሌሎች ግዛቶች ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በሌላ በኩል፣ አዘጋጁ ሰው ማስወጣት መቻሉ ለደጋፊዎቹ የመግፋት ወይም የመማታት ፈቃድ አይሰጥም፤ ይህ ከደረሰባችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።

ዜግነት የምትጠባበቁ ወገኖች በተለይ አስቡበት፤ የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ክሱ የተሰረዘበትን እስር ጭምር ይጠይቃል። በር ላይ እንቢ ከማለት ወጥቶ የሕዝብ የእግረኛ መንገድ ላይ መፈክር መያዝ ይሻላል፤ እዚያ መብታችሁ የጸና ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ