የቱ ትምህርት ቤት ይሻላል ለምትሉ የቱሉ ዲምቱ ወላጆች

ሰላም ጎረቤቶች! ምዝገባ ሊጀመር ነውና "የቱ ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ግሩፑን አጨናንቆታል። እኔም የበኩሌን ልበል።

ምገባን ማወዳደሪያ አታድርጉት። ከ2012 ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለ ነገር ስለሆነ፣ "እዚያ ቁርስ ይሰጣሉ" ብሎ ትንሽ ልጅን ያንን የሲኖትራክ መንገድ ማሻገር ትርፉ ጭንቀት ነው።

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ውጤት ጠይቁ። "ስንት አለፈ?" ብቻ ግን አይበቃም። ስንት ተፈተነ በሉ፣ የሒሳቡንና የእንግሊዝኛውንም ለብቻ ጠይቁ። የአንድ ዓመት ውጤት አይታችሁም አትፍረዱ፤ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ባለ ዓመት ጥሩ ትምህርት ቤትም ደካማ ሊመስል ይችላል።

ዋናው ሄዶ ማየት ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ አጥር አይሸውዳችሁ (ቀለም መቀባት ቀላል ነው)። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሂዱና ሽንት ቤቱን እዩ፤ ውሃው ከቧንቧ ይወርዳል ወይስ በር ላይ ባዶ በርሜል ተገትሯል? በአንድ ዴስክ ስንት ልጅ ይቀመጣል? እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ካለ ደብተሩን ግለጡት። ቀይ እስክሪብቶ ስህተቱን አርሞ "እንደገና ሥራ" ካለ መምህሩ አንብቦታል፤ ገጹ ሁሉ ራይት በራይት ከሆነና የተሳሳተው መልስ ሳይቀር ራይት ካለው ግን እኔ ልጄን አላስገባም። ፈረቃ ካለም አስቀድማችሁ እወቁ፣ በተለይ ሁለታችሁም መርካቶና ፒያሳ የምትውሉ።

ያያችሁትን እዚሁ ጻፉልን፣ የመምህር ስም ግን አትጥሩ።