አምፑ ይውረድ ካላችሁ ሞኒተሩን አምጡልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል፣ በምሽት ቤትና በሠርግ ጊታር እየተጫወትኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሰሞኑን በምንሠራባቸው ቤቶች ሁሉ እየተለመደ ስለመጣ አንድ ነገር ልጽፍላችሁ ፈልጌ ነው። ድሮ ለሥራ ሲደወልልን "ስንት ሰው ናችሁ?" ነበር የሚባለው። አሁን ከሱ ቀጥሎ "አምፕ ባታመጡ ይሻላል" ይመጣል፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ባለ ስፒከር ሳጥን ማለታቸው ነው። መድረኩ ጠባብ ነው፣ ፊት የሚቀመጠው ደንበኛ በጩኸቱ ይማረራል፣ ጊታሩን በቀጥታ ሚክሰሩ፣ ማለትም የሁሉም ድምፅ የሚገናኝበት ማደባለቂያ ላይ ሰኩት ይሉናል።

ሐሳቡን እደግፋለሁ። የከፋኝ አሠራሩ ነው። አምፑን ያስወርዱናል፣ በምትኩ ግን ምንም አይሰጡንም።

መጀመሪያ ለምን እንደምደግፍ ልናገር፣ ብዙ ጓደኞቼ በዚህ ይቆጡኛልና። ለዓመታት ባለ 85 ዋት ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የሚባል አምፕ ተሸክሜ ዞሬያለሁ። ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ሊፍት በሌለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይዞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ግን ሐሳቤን ያስቀየረኝ የወገቤ ጉዳይ አይደለም። መሲንቆ ነው።

አንድ ምሽት አብሮን የሚሠራው መሲንቆ ተጫዋች ከእኔ በስተግራ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከአምፔ የሚርቀው አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። መሲንቆው ፊት ማይክ ቆሟል። አንድ የፈረስ ጭራ ጅማትና ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ምን ያህል ድምፅ ይኖረዋል? ይሰማ ብሎ የሳውንድ ባለሙያው ማይኩን ከፍ አደረገው። ማይኩ ከፍ ሲል አጠገቡ ያለውን የእኔን ጊታር ይዞ መጣ። ድራሙ በረታ፣ እኔ ራሴን መስማት ስላቃተኝ አምፑን ጨመርኩ፣ ቤዙም ጨመረ፣ ዘፋኟ መጮህ ጀመረች። ሌሊቱን ሙሉ ደጋኑን ሲስብ አየዋለሁ፣ ድምፁ ግን የለም። እረፍት ላይ ቢራውን ይዞ መጣና "ወንድሜ፣ ዛሬ እኔ ለራሴም አልተሰማሁ" አለኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ውስጥ ያለ አምፕ ተጫወትን። ጊታሬ የአምፕን ድምፅ አስመስሎ በሚያወጣ ትንሽ ፕሮሰሰር በኩል ሚክሰር ገባ፣ ሁላችንም የራሳችንን ድምፅ የምንሰማበት ሞኒተር ጆሯችን ውስጥ አደረግን። የዚያን ቀን ያ መሲንቆ ተጫዋች በትዝታ መሀል የሚያስገባትን ትንሽ ቅንጣት፣ ጣቱን ጅማቱ ላይ አንሸራቶ የሚመልሳትን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ሰማኋት። አብረን ስንት ጊዜ ሠርተን! እሱ ሲያስገባ እኔ ዝም ማለት እንዳለብኝ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የደንበኞቹ ቅሬታም እውነት ነው። የጊታር አምፕ ቀጭኑን ድምፅ ልክ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ነው የሚልከው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ጆሮው ይበሳል፣ ጎን ያለው ጊታር መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። የእኛም ጆሮ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሙዚቃ ለሚቀርብባቸው ቦታዎች ባወጣው መመሪያ የ15 ደቂቃው አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይላል። ድራምና አምፕ በተጨናነቁበት ጠባብ መድረክ ላይ ይህን ማለፍ ቀላል ነው፣ እኛ ደግሞ በሳምንት አራትና አምስት ሌሊት እዚያው ነን። ቤት ገብቼ ስተኛ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸውን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው።

ያለ አምፕ የሚቀር ነገር የለም አልልም። ሱሪዬ እግሬ ላይ ሲርገበገብ፣ ከኋላዬ የሚመጣው አየር ጀርባዬን ሲነካኝ፣ አንዷን ኖታ ይዤ ስቆም ጊታሩ ራሱ ከአምፑ ጋር ሲነጋገር፣ ይሄ በጆሮ ሞኒተር አይገኝም። ይናፍቀኛል። ግን እኛ አገር የጊታር ድምፅ አብዛኛው ንጹሕ ነው። የነአይቤክስንና የሮሃ ባንድን ጊታር የሰማ ሰው ያውቀዋል፣ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ሪቨርብ (ማስተጋባት) ያለው፣ አልፎ አልፎ በእግር ፔዳል የሚወጣ ዋዋ። እንዲህ ያለውን ድምፅ የዛሬ ፕሮሰሰር ጥሩ አድርጎ ያወጣዋል። እንዲያውም በጩኸቱ የታወቀው ሜታሊካ በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. አንታርክቲካ በሚገኘው የአርጀንቲና ጣቢያ ለ120 ያህል ሰው ሲጫወት መድረኩ ላይ የሚጮኽ አምፕ አልነበረም፣ ሰዉ የሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሜታሊካ ከቻለ እኛ ባቲና አንቺ ሆዬ የምንጫወተው እንዴት ያቅተናል?

አሁን ወደ ብሶቴ ልምጣ። በቅርቡ አንድ ትልቅ አዳራሽ ሠርግ ነበረን። አምፕ አታምጡ ተባልን፣ አላመጣንም። ስንደርስ እንግዳው ግማሹ ገብቷል። አንዱ ልጅ የጃክ ገመድ ወረወረልኝና "እዚህ ሰካው" አለኝ። ጊታርን ከሚክሰር ጋር በትክክል የሚያገናኘው ዲአይ ቦክስ የለም። ሞኒተር የት ነው ብል "ከዋናው ስፒከር ትሰማለህ" አለኝ። ዋናው ስፒከር ከፊታችን ነው፣ ወደ ሕዝቡ የዞረ! የዚያን ቀን ፕሮሰሰሩ ሌላ ልጅ ጋ ስለነበር ይዤ የሄድኩት ሁለት ፔዳል ብቻ ነው፣ ቤቱ ያዘጋጃል ብዬ። መጫወት ስንጀምር እኔ የምሰማው ድራሙን ብቻ ነው። ጣቴ የት እንዳለ በዓይኔ እያየሁ ተጫወትኩ። ሙሽሮቹ ሲገቡ መግቢያውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፣ ግማሽ ድምፅ ወርጄ እየመታሁ አራት የሙዚቃ ቤት (ባር) ያህል ሄድኩ። ያወቅኩት ዘፋኛችን ዞሮ ሲያየኝ ነው። ያ ቪዲዮ እነሱ ቤት ዕድሜ ልክ ይኖራል።

በኋላ ቀረጻውን ስሰማው ደግሞ ጊታሩ የንብ ቀፎ ነው የሚመስለው። ይሄ ምክንያት አለው፣ የምሽት ቤትና አዳራሽ ያላችሁ ሰዎች ብታውቁት ጥሩ ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ብዙም ድምፅ አያወጣም፣ ሻካራውን ቆርጦ የሚያስቀርልን እሱ ነው። የአዳራሽ ስፒከር ግን እስከ 20 ሺህ አካባቢ ይሄዳል። ጊታሩን እንዲሁ ሚክሰር ላይ ስትሰኩት አምፑ ይደብቀው የነበረ ጭረት ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ "ያለ አምፕ" ማለት "ያለ ምንም" ማለት አይደለም፣ የአምፑንና የስፒከሩን ሥራ የሚሠራ ዕቃ መሀል መግባት አለበት። ያንን ማምጣት የእኛ የጊታሪስቶች ኃላፊነት ነው፣ እሺ ብለናል። ያን ቀን ሳልይዝ መሄዴም የእኔ ጥፋት ነው። ሞኒተሩ ግን የቤቱ ነው።

የመብራትም ነገር አለ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፣ ሲመለስ ደግሞ እንደ ኮምፒውተር እንደገና እስኪነሳ ይቆያል። ሰው እያጨበጨበ፣ ዘፋኙ እየጠበቀ፣ አንተ ስክሪን ላይ አፍጥጠህ ትቆማለህ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ለኮምፒውተር የሚገዛው፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል፣ ዕቃው የሚበላው ኃይል ትንሽ ነውና። እኔ ገዝቻለሁ። ግን የሚክሰሩንም ቤቱ ይግዛለት፣ የእኔ ብቻ ቢበራ ምን ዋጋ አለው።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ነገር አለኝ። ድምፃችሁን ማታ ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ አስተካክላችሁ መድረክ ይዛችሁ አትምጡ። ቤት ውስጥ ያማረው በትልቅ ስፒከር ሲጮኽ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ቤዙ ይንሳፈፋል፣ ቀጭኑ ይወጋል። በመድረክ ድምፅ ልክ አስተካክሉት። የፕሮሰሰር ድምፅ "ይዘገያል" የምትሉትም ብዙ አያስፈራም። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ ከአምፓችሁ አራት ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ 12 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳችሁ ነበር። ጥሩ ፕሮሰሰር ከዚያ በታች ነው።

ለቤት ባለቤቶች የምለው ይሄ ነው። ውድ ገመድ አልባ ዕቃ አልጠየቅንም። ጊታርና ቤዝ የሚጫወት ሰው ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ባለ ገመዱ የጆሮ ሞኒተር ይበቃዋል። እሱም ካልሆነ ወደ እኛ የዞሩ ሁለት ስፒከሮች አስቀምጡልን። የሳውንድ ባለሙያውንም ቀኑን ሙሉ ወንበር ስታስደረድሩት ውላችሁ ማታ ሚክሰር ላይ አታስቀምጡት። እኛ አምፓችንን ቤት ትተን እንመጣለን። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ለሳውንድ ቼክ፣ ድምፁን ለመፈተሽ፣ የአንድ ሰዓት ጊዜ ስጡን።

አንድ ጊታር ተጫዋች
አዲስ አበባ