የቅዳሜው የደም ልገሳና የአገልግሎት ቀን

ውድ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት በመሰብሰቢያ አዳራሻችን የደም ልገሳ ይካሄዳል። ለመለገስም ሆነ ለማገልገል የምትመጡ ሁሉ እስከ ሐሙስ ማታ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

ደም ፋብሪካ አያመርተውም፤ የተለገሰውም ብዙ አይቆይም። ቀይ የደም ሕዋሳት በማቀዝቀዣ ቢበዛ 42 ቀን ያህል ይቀመጣሉ፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል፣ ፕሌትሌት፣ ግን ከሳምንት አያልፍም። «ባለፈው ዓመት ሰጥቻለሁ» የምትሉ አባላት ይህን አስቡበት።

ለጋሾች መታወቂያ ያዙ፤ ባዶ ሆዳችሁን አትምጡ፤ ውኃ በደንብ ጠጡ፤ እጅጌው በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ። መድኃኒት የምትወስዱ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ። የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

መለገስ ለማትችሉም ሥራ አለ። ወንበር የሚደረድር፣ ስም የሚመዘግብ፣ ከሁሉም በላይ ለግሰው ከሚያርፉት ጋር የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገናል። ባለፈው ጊዜ አንዲት ወጣት መርፌውን አይታ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ አጠገቧ ቁጭ ብለው እስኪያልቅ ድረስ ያጫወቷት በዕድሜያቸው ምክንያት መለገስ ያልተፈቀደላቸው አባላችን ነበሩ። እንደ እኔ ከሆነ የዕለቱ ትልቁ ሥራ የእሳቸው ነበር።

ወንበር የሚደረድር አይጠፋም፤ የሚመልስ ግን ሁልጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ከ7 ሰዓት በኋላ የሚቆዩ ሦስት ሰዎች እንፈልጋለን።

ስትመልሱ «ለጋሽ» ወይም «አገልጋይ» ብላችሁ የምትመጡበትን ሰዓት ጻፉልን።