የምስጋና መልእክት፦ በቀኜ ለቆማችሁልኝ

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን። ቆሜ ለመሄድ፣ ቁጭ ብዬም ይህን ለመጻፍ በቃሁ። የደረሰብኝን አብዛኛው የደሴ ሰው ስለሚያውቀው አልደግመውም። ከቀኝ ጆሮዬ በስተጀርባ፣ ራስ ቅሌ ውስጥ የነበረው እጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፣ ካንሰር አይደለም፣ ስምንት ወር ሞላኝ።

መጀመሪያ መጥራት ያለብኝ ጎረቤቴን ሐጂን ነው። "ስሜን እንዳትጽፍ፤ አጅሬን ታበላሽብኛለህ" ስላሉኝ አልጽፍም። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጆች ግን ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎልኝ ስመለስ ግድግዳ ይዤ ነበር የምሄደው። እጢው የበቀለው ሚዛን በሚጠብቀው ነርቭ ላይ ነበርና ነርቩ አብሮ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ አንጎል በቀረው ወገን ብቻ መቆምን እንደ ሕፃን ይማራል። ሐኪሙም "መድኃኒትህ መራመድ ነው፤ ከተኛህ አይመጣም" ብሎ ሸኘኝ። ደሴ ደግሞ ከበሬ ጀምሮ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሐጂ ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ በሩን በከዘራቸው ይመቱና "መምህር፣ ተነሥ!" ይሉኛል። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቀሩም። በክረምት ጉሙ የቶሳን ተራራ ሸፍኖ መንገዱ ሲጠፋ፣ ዓይኔ የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ሰውነቴ ይንገዳገዳል። ያኔ ክንዳቸውን ያቀብሉኛል፣ "አይዞህ" እንኳ ሳይሉ።

ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ደግሞ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። አንድ ቀን የባጃጅ ጡሩምባ ሰምቼ ልሸሽ ስል የሸሸሁት ወደ ባጃጁ ነበር። ሐጂ በኮቴ አንገትጌ ጎትተው አተረፉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልነግራቸው ሁልጊዜ በቀኜ ሆኑ። መንገዱ ሲታጠፍ፣ ሰው ሲያቆመን፣ ስንመለስ፣ ዞረው መጥተው በቀኜ ይቆማሉ። በዚያ በኩል ቢያወሩኝ ደግሞ አልሰማም። ሐጂን የሚያውቅ ጨዋታቸውን ያውቃል፤ ያን ሁሉ ጠዋት ግን ለእኔ ሲሉ ዝም ብለው ተጓዙ። ጨዋታው ቤት ስንገባ፣ ቡና ላይ፣ በግራዬ ተቀምጠው ነው። የፊቴ ቀኝ ጎን ዝሎ ስለነበር ቡናው ከከንፈሬ ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር። ሐጂ ይህን ሲያዩ ሲኒያቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ፤ ጠርጌ እስክጨርስ ውጭ ውጭውን ያያሉ። ሐጂ፣ ይህንን አይቻለሁ። አላህ ያክብርልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስለ እርሳቸው ስጽፍ ቅደም ተከተሉ ተዛባብኝ። ከእርሳቸው በፊት ደሴ ላይ ጆሮዬን የመረመረችኝ ወጣት ባለሙያ አለች። ሁለት ዓመት ቀኝ ጆሮዬ ሲጮህ "ሰም ነው"፣ "ዕድሜ ነው" እየተባልኩ ቪታሚን ስውጥ ነበር። እሷ በጠባቧ ክፍል ማዳመጫ አድርጋልኝ ቃላት አስደገመችኝ። በግራዬ ሁሉንም መለስኩ። በቀኜ ድምፁን እሰማለሁ፣ ቃሉን ግን አልለየውም። ወረቀቱን ትታ ዓይን ዓይኔን እያየች "መምህር፣ ዕድሜ ቢሆን ሁለቱንም ነበር የሚይዘው። አንዱ ጆሮ ብቻ እንዲህ ሲሆን ነርቩ በኤም አር አይ መታየት አለበት" አለችኝ። ያቺ ቃል ናት ያተረፈችኝ። እኅቴ፣ ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼንም ወላጆቻቸውንም "አንድ ጆሮህ ብቻ ከደከመ ወይም ከጮኸ ተመርመር" እላለሁ፤ ያንቺ ትምህርት ነው።

ለአዲስ አበባዎቹ ቀዶ ሐኪሞቼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጆሮ ነርቭ ሕክምና የጆሮ ሐኪምም የአንጎል ሐኪምም ሥራ እንደሆነ በሥዕል አስረዱኝ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ዊልያም ሃውስ የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም በማይክሮስኮፕ መሥራት እስኪጀምር ድረስ፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና የተረፉትም ብዙዎቹ ፊታቸው ይጣመም ነበር አሉኝ። ፊትን የሚያዘው ነርቭ የመስሚያውን ነርቭ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። የእኔን ለሰዓታት ከእጢው ላይ እየላቀቁ አተረፉልኝ። ዛሬ ቀኝ ዓይኔ ይከደናል፤ ስስቅም ሁለቱም ጉንጬ ይንቀሳቀሳል።

እድራችን፣ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ ዱአ ያደረጋችሁ፣ ስለት የተሳላችሁ፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። ለባለቤቴ እዚህ አልጽፍም። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣች ያልተከደነ ዓይኔን ጠብታ ታጠጣ ለነበረች ሴት የምለው ገና አልመጣልኝም።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ሰላም ስትሉኝ ሳልሰማ በማለፌ እንደተቀየማችሁም ሰምቻለሁ። ይቅር በሉኝ፤ በቀኜ መጥታችሁ ነው እንጂ ንቄ አይደለም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ቡናና ቆሎ አለ፤ ሁላችሁም ኑልኝ። የምትሉኝን አንድም እንዳያመልጠኝ በግራዬ ተቀመጡ። በቀኜ ሐጂ ይቀመጣሉ።