ጥንቸሏን የሣለው ሰው ማነው?

ለአዘጋጁ፣

የልጆች ገጻችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጄ አነብላታለሁ። የምንኖረው ለንደን ነው። አማርኛዋ እንዳይጠፋባት ብዬ የያዝኳት ልማድ ናት። ባለፈው ወር ግን ገና ሳልጀምር "አባዬ፣ ይቺ ጥንቸል ሌላ ናት" አለችኝ። ቀሚሷ ያው፣ ስሟም ያው ነው። ልጅቷ ጆሮዋን እያሳየች "የድሮዋ አንዱ ጆሮዋ ይታጠፍ ነበር" ብላ ድርቅ አለች። የድሮዎቹን ከፍቼ ሳይ እውነቷን ነው። ሠዓሊ ቀይራችኋል። የወጪውም የገቢውም ስም ግን የትም የለም።

መቀየራችሁ ችግር የለውም። እዚህ አገር ሩፐርት የሚባል ድብ አለ፤ ቀይ ሹራብ፣ ቢጫ ዳማ ሱሪ፣ እንደ ሱሪው ያለ ሻርፕ። በ1920 (በፈረንጆቹ) ዴይሊ ኤክስፕረስ ጋዜጣ ላይ ሥላ የጀመረችው ሜሪ ቱርቴል ናት። በ1935 ዓይኗ ሲደክም አልፍሬድ ቤስታል የተባለ ሠዓሊ ተረከባት፤ 30 ዓመት ያህል ሣለው። ከእሱ በኋላ እነ ጆን ሃሮልድና ስቱዋርት ትሮተር መጡ። ድቡ መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ልጅ ነው።

ከቻሪቲ ሾፕ (ያገለገለ ዕቃ ለበጎ አድራጎት ከሚሸጥበት ሱቅ) አንድ አሮጌ የሩፐርት ዓመታዊ መጽሐፍ ገዝተናል። ከየሥዕሉ ሥር ቤት የሚመታ ሁለት መስመር ግጥም አለ። ከገጹ ግርጌ ደግሞ ያው ታሪክ በስድ ንባብ ተጽፏል። ማንበብ የማይችል ሥዕሉን ያያል፣ የሚጀማምር ግጥሙን ይላል፣ የቻለ ታች ይወርዳል። ቤስታል ወረቀት አጥፎ ቅርጽ መሥራት ይወድ ስለነበር አሠራሩንም ለልጆች መጽሐፉ ውስጥ ያስገባ ነበር። እኛም ሞክረን የእኔ ሳምቡሳ ሆኖ ቀረ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሩፐርት ሲፈጠር ቡናማ ድብ ነበር። በኋላ የኅትመት ወጪ ለመቆጠብ ፊቱ ነጭ ሆነ። በዓመታዊው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ግን ቡናማነቱ ቀጠለ። ቤስታል የዕለት ሥራውን በ1965 ቢያቆምም ሽፋኑን አልተወም ነበር። ለ1973ቱ መጽሐፍ እንደ ልማዱ ፊቱን ቡናማ አድርጎ ሣለ። አሳታሚዎቹ ሳይጠይቁት ነጭ አደረጉት! ሰውየው 80 ዓመቱ ነበር። አዘነ፣ ከዚያ በኋላም ሽፋን አልሣለላቸውም። ፊቱ ቡናማ እንደሆነ ታትመው ያመለጡ ጥቂት ቅጂዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ ያወጡባቸዋል። እኔን የገረመኝ ግን ብሩ አይደለም። ድቡን ያን ያህል ዘመን በእጁ ላሳደገ ሰው አንድ ስልክ መደወል አቅቷቸው ነው?

እናንተ እንዲህ አደረጋችሁ አልልም፤ ቤታችሁ ውስጥ የሆነውን አላውቅም። ግን ተረቱን የጻፈው ሰው ስም በትልቁ ተጽፎ፣ ልጄ መጀመሪያ የምታየውን የሠራው ሰው ስም እንዴት ይቀራል? አንዲት መስመር ትበቃለች፤ ከጥንቸሏ እግር ሥር ቦታ አለ።

ልጄ ደግሞ "የድሮው ሰውዬ አሞት ነው?" እያለች ነው። ምን ልበላት?

አንድ አባት፣ ከለንደን