የቤት እድሳት ዋጋ በጥቅል ድምሩ አይመዘንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ በሰሜን ሸዋ ከተሞች የቤት እድሳት ይጀመራል። ክረምቱ ያራሰው ግድግዳ ይላጣል፣ ያፈሰሰው ጣሪያ ይከፈታል፤ ጥር ላይ ሰርግ ያለበት ቤት ደግሞ ይቸኩላል። አብዛኛው ባለቤት ሦስት ባለሙያ ጠርቶ ቤቱን ያሳያል። ሦስቱም ዞር ዞር ብለው አይተው አንድ አንድ ቁጥር ይነግሩታል፤ እሱም መካከለኛውን ይይዛል። በዚህ አመራረጥ ስንት ቤተሰብ ያጠራቀመውን ገንዘብ ስለሚያጣ ነው ይህን መጻፋችን። ሦስቱ ቁጥሮች የአንድ ሥራ ሦስት ዋጋዎች አይደሉም። አንዱ ባለ 28 ጌጅ (ጌጅ የውፍረት ቁጥር ነው) ቆርቆሮ አስቦ፣ ሌላው ባለ 32 አስቦ፣ ሦስተኛው ፍርስራሹን ማን እንደሚያነሣ ጨርሶ ሳያስብ የተናገረው ነው። የተለያየ ሥራ ዋጋ አይወዳደርም።

ስለዚህ ውድ ነው ወይስ ርካሽ ነው ከማለት በፊት ዋጋው ይዘርዘር። ለእያንዳንዱ ሥራ ዓይነቱ፣ መለኪያው (ካሬ፣ ሜትር፣ ሜትር ኩብ፣ በቁጥር)፣ መጠኑና የአንዱ ዋጋ ይጻፍ፤ ዕቃና እጅ (የሠራተኛ ክፍያ) ለየብቻ ይቀመጥ። ትርፍ መጠየቅ የባለሙያው መብት ነው፤ ግን ትርፉም በግልጽ ይጻፍ እንጂ በሲሚንቶ ቁጥር ውስጥ አይደበቅ። እንዲህ ሲዘረዘር አብዛኛው የተጋነነ ሒሳብ የሚገኘው በነጠላ ዋጋው ላይ ሳይሆን በመጠኑ ላይ ነው። ነጠላ ዋጋን ገበያ ወጥቶ ማንም ይጠይቃል፤ መጠኑን ግን ሜትር ይዞ የሚለካ ጥቂት ነው።

4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 የሆነ የብሎኬት ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ በቁመቱ ሲባዛ 50.4 ካሬ ይሆናል። 0.90 በ2.10 የሆነ አንድ በርና 1.20 በ1.20 የሆኑ ሁለት መስኮቶች ሲቀነሱ 46 ካሬ ገደማ ይቀራል። የበሩና የመስኮቱ ጎኖችም ስለሚለሰኑ ባለሙያው «ሙሉ በሙሉ አልቀንስም» ቢል ተገቢ ነው፤ 60 ካሬ ብሎ ቢጽፍ ግን ሜትሩን አውጥቶ ያሳይ። በ2 ሴንቲ ውፍረት፣ አንድ ለአራት በሆነ ቡኮ (አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ) አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ብክነቱ ተቀንሶ 5 ካሬ ተኩል ያህል ይለስናል፤ አንድ ለሦስት ከሆነ ደግሞ 4 ካሬ ተኩል። ስለዚህ ለዚህ ክፍል ከ8 እስከ 10 ከረጢት ይበቃል፤ አሸዋው ከ1.2 ሜትር ኩብ ብዙም አያልፍም። ዝርዝሩ ላይ «አንድ ሲኖ አሸዋ» (አንድ ትልቅ ገልባጭ መኪና ሙሉ) ከተጻፈ የቀረው የት እንደሚውል መጠየቅ ነው። ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ማስመጣት ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሲሚንቶ ዋጋ በኩንታል ይነገራል፤ ወደ ቤት የሚገባው ግን ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። «20» ብቻ ተጽፎ ኩንታል ይሁን ከረጢት ካልተገለጸ በሒሳቡ ላይ የእጥፍ ልዩነት ይመጣል። አሸዋም እርጥብ ሲሆን ያብጣል፤ ከደረቁ በሩብ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የመኪናው ሣጥን ርዝመት፣ ወርድና የአሸዋው ከፍታ ሳይራገፍ ይለካ። ጥራቱን ለማየት አሸዋውን ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሮ፣ በደንብ ንጦ ለሦስት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ከላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው ከፍታ 6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ደለል የበዛበት ልስን ሲሚንቶው ምንም ያህል ቢሆን በጥፍር ይፋቃል።

የእጅ ዋጋን ለመመዘን የቀን ሥራን ማወቅ ይበቃል። አንድ ግንበኛ ከሁለት ረዳት ጋር በቀን ከ8 እስከ 10 ካሬ ብሎኬት ይገነባል፤ ለአንድ ካሬ 13 ብሎኬት ይገባል። የሦስቱን የቀን ክፍያ ደምሮ ለ8 ማካፈል ነው። የተጠየቀው የካሬ ዋጋ ከዚህ ትንሽ ከፍ ቢል መሣሪያ፣ መወጣጫና የባለሙያው ኃላፊነት አለበት፤ ሁለት እጥፍ ከሆነ ግን ምክንያቱ ይነገር። የቀለሙ ሒሳብ ቀላል ነው፤ አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ ለ8 እስከ 10 ካሬ ይበቃል።

ወለል ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። «ሊሾ» (የወለል የሲሚንቶ ልስን) ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ከሥሩ ምን እንዳለ አይታወቅም። አፈር ወለል ላይ በቀጥታ 4 ሴንቲ ሊሾ ቢፈስ ክረምት ሳይመጣ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ተነጥፎ፣ 10 ሴንቲ ኮንክሪት ፈስሶ፣ ከዚያ ነው ሊሾው የሚመጣው። ለዚያው 20 ካሬ ክፍል ሊሾው 8 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃዋል፤ ኮንክሪቱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ከሆነ ግን 14 ከረጢት ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ውዱ ዋጋ ኮንክሪቱን ያካተተ፣ ርካሹ ያላካተተ ከሆነ ትክክለኛው ውዱ ነው።

በአካባቢያችን ከሁሉ የሚከብደው የጭቃ ቤት እድሳት ነው። ሳይከፍቱ የተሰጠ ዋጋን ማመን አይገባም። ጉዳቱ ያለው ቋሚው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ደጋው ላይ እርጥበት፣ ቆላው ላይ ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ ከውጭ ግን ምርጊቱ ደህና መስሎ ይታያል። ባለሙያው ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ ምርጊቱን አንሥቶ ቋሚውን በመሮ ይውጋ። «ሲከፈት ይታያል» የሚል ባለሙያ ሊያታልል ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም እውነቱን እየተናገረ ነው። መፍትሔው ጥቅል ዋጋ ሳይሆን «አንድ ቋሚ ከሥሩ ቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ለመተካት ይህን ያህል» የሚል ነጠላ ዋጋ ተስማምቶ፣ ሲከፈት አብሮ መቁጠር ነው። የባሕር ዛፉ እንጨት ደረቅ መሆኑም ይጻፍ፤ እርጥቡ ይረክሳል፣ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይለቃል።

በጭቃ ላይ የሲሚንቶ ልስን የሚያስለስን ሰው ሌላ ነገር ይጠይቅ። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ምርጊቱ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ቀጭን የወንፊት ሽቦ በሚስማር ተወጥሮ፣ ከዚያ ግርፍ (የመጀመሪያው ሻካራ የሲሚንቶ ርጭት)፣ ከዚያ ልስን ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ሽቦ ከሌለ ልስኑ በሰፌድ በሰፌድ ይወርዳል፤ ስለ ዋጋው ማሰብም አያስፈልግም።

እነዋሪ፣ ደነባና ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ የተሠራ ቤት ሲሰነጠቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከመሠረቱ ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውም አብሮ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ ከመለሰን በፊት ጂብሰም ለጥፎ ቀኑን መጻፍና ከወር በላይ መጠበቅ ይገባል። ጂብሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው። እንዲህ ላለ ቤት የቀረበ ዋጋ የጣሪያ አሸንዳ፣ የውሃ መውረጃ ቦይና በቤቱ ዙሪያ የሚነጠፍ ኮንክሪት ከሌለው ርካሽ ቢሆንም ገንዘብ ማባከን ነው።

አየሩም ወጪ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነች፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሲሚንቶ ከ5 ዲግሪ በታች መጠንከሩ በጣም ይዘገያል፤ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ደግሞ ልስኑ ይፈረፈራል። የውጭ ልስን ረፋድ ላይ ተጀምሮ ከቀትር በኋላ ቶሎ ይቆም፣ ማታ በሸራ ይሸፈን። ሸዋ ሮቢት ላይ ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ ውሃውን ይመጥጠዋልና ጠዋትና ማታ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ሸራው፣ ውሃውና የሚያጠጣው ሰው በማን ወጪ እንደሆነ ካልተጻፈ አይደረግም። ማጓጓዣም እንዲሁ ነው፤ ጣርማበርን ተሻግሮ መሐል ሜዳ የሚገባ ዕቃ ከደብረ ብርሃን መሐል ጋር በአንድ ዋጋ ሊተመን አይችልም፤ ግን ማጓጓዣው ለብቻው ይታይ።

ጣሪያ ላይ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በረዶና ነፋስ በሚበዛበት ደጋ ላይ ስስ ቆርቆሮ ሚስማሩ ሥር ይቀደዳል። ስለዚህ ውፍረቱ በሚሊሜትር ይጻፍ፣ ሲመጣም በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለካ። ሚስማሩ በሸንተረሩ አናት ላይ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ኖሮት ይመታ፤ ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ያፈስሳል። መስኮት የሚሰፋ ከሆነ አርኪትራቩ (ከመስኮቱ በላይ ያለው የኮንክሪት አግዳሚ) በሁለቱም ጎን ቢያንስ 20 ሴንቲ ግድግዳ ላይ ይረፍ፤ ፌሮው በሚዛን ይታይ። 12 ሜትር የሆነ 12 ቁጥር (ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር የሆነ) ፌሮ 10.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በጣም ከቀለለ ቁጥሩ እውነት አይደለም። ኤሌክትሪክ ላይ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ሚሜ ካሬ ገመድ ይበቃል፤ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን የራሱ ባለ 4 ሚሜ ካሬ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። «ሙሉ የመብራት ሥራ» የሚል አንድ መስመር ይህን ሁሉ ይውጠዋል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ገመድ፣ ቧንቧና ሴራሚክ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ስለዚህ የሚሰጠው ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፍበት፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ይሁን ከዋጋው ውጭም ይገለጽ። ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ቢገዛ፣ እጁን ደግሞ ተለክቶ ባለቀ ሥራ ልክ ቢከፍል ይሻላል። ቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ አይለፍ፤ ጥቂትም ቢሆን አንድ ክረምት እስኪያልፍ በመያዣ ይቀመጥ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ይህንን የሚያሳጥር ውል ዋጋ የለውም። ያለ ጽሑፍ ግን ማን ምን እንደሠራ ማስረዳት ከባድ ነው።

ጋዜጣው የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ እንደሚያወጣ ሁሉ የግንባታ ዕቃዎችንም በየ15 ቀኑ ቢያወጣ በጣም እናመሰግናለን፤ «ቆርቆሮ» ብሎ ሳይሆን ጌጁን ለይቶ፣ «አሸዋ» ብሎ ሳይሆን በሜትር ኩብ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ለየብቻ።

በግንባታ ሥራ ቁጥጥር ላይ የተሠማራን ባለሙያዎች
ከደብረ ብርሃን