ኩሊንግ ፓድ ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን አስከፍቱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ዕትማችሁ «የጌም ላፕቶፔ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ለጻፈላችሁ አንባቢ «ኩሊንግ ፓድ (ከላፕቶፕ ሥር የሚቀመጥ ባለ ፋን ማስቀመጫ) ይግዙ» ብላችሁ በአንድ መስመር ሸኝታችሁታል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እኔ ይህንኑ መልስ ከአንድ ሻጭ አፍ ሰምቼ 2,200 ብር ያወጣሁ ሰው ነኝና፣ ያ አንባቢ ገበያ ሳይወጣ ይድረስለት ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው አዳማ ነው። የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ጌም ተጫውቼ አላውቅም፤ ላፕቶፔ ግን የጌም ላፕቶፕ ነው። በእኛ ሥራ የተለመደ ነው። ቪዲዮ ለመቁረጥና ኤክስፖርት ለማድረግ (ያለቀውን ሥራ አንድ ፋይል አድርጎ ለማውጣት) ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በብዛት የሚገኘው የጌም በሚባሉት ላይ ነው። ሕንፃ በኮምፒውተር የሚሠሩ የአርክቴክቸር ተማሪዎችም ይህንኑ ነው የሚገዙት። እቤታችን ላፕቶፑን ለስሙ የሚገባ ሥራ የሚያሠራው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው፤ እኔ ስተኛ እሱ ፊፋውን ይከፍታል።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፣ አዳማም የምትጋግረው ያን ጊዜ ነው። አምና በዚያ ወቅት አንድ ሙሽራ ቪዲዮውን በስልክ ይጠይቀኛል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ፋኑን እንደ ወፍጮ ቤት እያስጮኸ ይንፏቀቃል። ሌላ ጊዜ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ኤክስፖርት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከቁልፎቹ በላይ ያለው ቦታ ጣት አያስቀምጥም። የሙቀት መጠን የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጭኜ ባየው 97 ዲግሪ። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች (ሒሳቡን ሁሉ የሚሠሩት ዋና ቺፖች) 100 ዲግሪ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ የኔው ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ነው መሰለኝ 97 ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ለካ ላፕቶፑ አልተበላሸም፣ ራሱን እያዳነ ነው።

ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ኩሊንግ ፓድ አውጥቶ «ማዘር፣ ይሄ 20 ዲግሪ ቁጭ ያደርግልሻል» አለኝ። (አርባ ሳይሞላኝ ማዘር መባሌን ለጊዜው ተውኩት።) ገዛሁ፣ እቤት ወስጄ ሰካሁ፣ መብራቱ አማረ። ቁጥሩ 97። አንዳንዴ 96።

ተናድጄ ልመልሰው ስል ወንድሜ «ቁጥሩን ሳይሆን ሰዓቱን እዪ» አለኝ። ልክ ነበር። ላፕቶፑ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ እየተንፏቀቀ ከሆነ ቅዝቃዜ ቢጨመርለት የሚያደርገው ሙቀቱን መቀነስ ሳይሆን ያገኘውን ትርፍ ለፍጥነት ማዋል ነው። ስለዚህ አንድ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ መርጠን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ግድም፣ የክፍሉ ቴርሞሜትር 31 ዲግሪ ሲል ደጋግመን ኤክስፖርት አደረግነው። ያለ ፓድ 19 ደቂቃ ፈጀ። በፓድ 18። 2,200 ብር ለአንድ ደቂቃ።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሶፍት ቀድጄ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር ያዝኩት። ይህን ማንም ሰው በአምስት ሳንቲም ሊሞክረው ይችላል። የላፕቶፑ ፋኖች አየር የሚስቡት ከሆዱ ባለው ወንፊት በኩል ነው፤ ፋኑ በደንብ እየሳበ ከሆነ ሶፍቱ ወንፊቱ ላይ ልጥፍ ይላል። የኔው ልጥፍ አላለም፣ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። ሁለተኛ ያየሁት ደግሞ የፓዱ ትልቁ ፋን መሐል ላይ ነው፣ የላፕቶፔ ወንፊቶች ግን ግራና ቀኝ ናቸው። ለካ ስንት ቀን ሙሉ ድፍን ፕላስቲክ ላይ ነው ሲነፋ የከረመው!

በነጋታው ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ወጣት ነው፣ ሥራውን የሚወድ። የታችኛውን ክዳን ከፍቶ፣ ፋኑን ነቅሎ፣ በወረንጦ አንድ ነገር ስቦ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ግራጫ ባዘቶ ነው የሚመስለው፤ ተጠቅጥቆ የጣት ርዝመት ያህል ሆኗል። ፋኑ ሙቁን አየር የሚያስወጣበት ቦታ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉ፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀት በመዳብ ቱቦ መጥቶ እነሱ ላይ ይዘረጋል፣ ፋኑ በመሐላቸው አየር እያሳለፈ ያወጣዋል። ባዘቶው ያንን መሐል ድፍን አድርጎታል።

«እህቴ፣ ይሄ ላፕቶፕ የት ነው የሚያድረው?» አለኝ።

ወንድሜን አየሁት። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አስቀምጦ ነው የሚጫወተው።

«በሉ፣ ጋቢያችሁን እየበላ ነው» አለ ጠጋኙ።

ጋቢው ብቻ አይደለም እንግዲህ። ከተማችን ነፋስ አጥታ አታውቅም፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ ታዲያ ባዶውን አይመጣም፣ በበጋ መስኮት የከፈተ ሰው ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ስሙን መጻፍ ይችላል። ላፕቶፕ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያንን ሲስብ የሚውል ዕቃ ነው።

ጠጋኙ ጠረገው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን እንደ ጠመኔ የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳቡ የሚያሻግር ቅባት) አንስቶ አዲስ ቀባው። አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ እቤት በብናኝ ማራገፊያ አየር የሚነፉ ሰዎች ፋኑን በስንጥር ወይ በጣት ይያዙት። ከውጭ በተነፋ አየር ከልክ በላይ እንዲሽከረከር ከተተወ ፋኑ ሊበላሽ ይችላል። የፔስቱን ነገር ግን እጃቸው ላልለመደ አልመክርም።

እቤት ተመልሰን ያንኑ ቪዲዮ፣ በዚያው ሰዓት፣ ክፍሉ 31 ዲግሪ ሲሆን ሞከርነው። ያለ ፓድ 88 ዲግሪ፣ 12 ደቂቃ። ሶፍቱም አሁን ልጥፍ አለ። በፓድ፣ ያውም ወደ አንድ ወገን ገፋ አድርጌ የፓዱን ፋን ከአንዱ ወንፊት ሥር አግጥሜው፣ 84። ፓዱን አንስቼ ከላፕቶፑ ኋላ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት የለስላሳ ቆርኪ ደራርቤ ቀና ሳደርገው 86። ይህቺን ቁጥር እስቲ አንባቢው ልብ ይበላት፤ 2,200 ብር ካመጣልኝ አራት ዲግሪ ሁለቱን ስድስት ቆርኪ አመጣው። ፓዱ ከሚሠራው ሥራ ግማሹ ላፕቶፑን ከጠረጴዛ ማንሳቱ ነው ማለት ነው።

ለቀረው ግማሽ ብዙ መጠበቅ አይገባም። ፓዱ በዩኤስቢ የሚሠራ ነው፤ የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 በ5 ቮልት ግማሽ አምፔር፣ ማለትም ሁለት ዋት ተኩል ነው የሚሰጠው። የጌም ላፕቶፕ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ አንድ ላይ ሲሠሩ 100 ዋትና ከዚያም በላይ ሙቀት ይረጫሉ። ደግሞም ፋን ቅዝቃዜ አይሠራም፣ ያለውን አየር ያመላልሳል እንጂ። ክፍሉ 31 ዲግሪ ከሆነ የሚነፋው የ31 ዲግሪ አየር ነው። ክፍሉ በአምስት ዲግሪ ሲሞቅ የላፕቶፑም ሆድ በዚያው ልክ ገደማ ይሞቃል። በዚያ ላይ አዳማ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ከኛም ከፍ ትላለች፣ የሷ አየር ግን ቢያንስ ቀዝቃዛ ነው። ለኛ ሁለቱም አልሆነልን።

ፓድ የሚባል ነገር በሙሉ አይረባም አላልኩም። በዙሪያው ስፖንጅ ያለበትና ላፕቶፑን ገጥሞ አየሩን በግድ ወደ ወንፊቱ የሚገፋ ዓይነት አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋ አይቼዋለሁ፣ ከኔው በብዙ ይሻላል። ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ ሲሠራም ፀጉር ማድረቂያ ነው የሚመስለው፤ የቄሱን ድምፅ እያጠራሁ እሱ ካጠገቤ ሊጮህ አይችልም። ሆዱ ድፍን የሆነና አየር በሌላ በኩል የሚስብ ላፕቶፕ ደግሞ አለ፤ ለዚያ ከሥር የሚነፋ ፓድ መግዛት በር ዘግቶ ማናፈስ ነው።

ሌላው ነገር ምንም የማያስወጣ ነው። ዊንዶውስ ላይ በፓወር ማስተካከያው ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ጣሪያ ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ሳደርገው ቱርቦ የሚባለው ድንገተኛ ፍጥነት ጠፋ፣ ሙቀቱ ወደ 75 ወረደ። ኤክስፖርቱ ሁለት ደቂቃ ጨመረ፣ እኔ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አለኝ። ለወንድሜም ጨዋታውን በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ላይ አሰርኩለት። ስክሪኑ 144 ስለሚችል ግራፊክስ ካርዱ ያለ ልክ ሲሮጥ ነበር የሚያድረው። ሦስት ቀን አኮረፈኝ፣ ከዚያ ረሳው። እውነቱን ለመናገር ከፓዱ ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ናቸው የጠቀሙኝ፣ ግን ማንም ሱቅ ውስጥ አይሸጣቸውም።

የዓምዱን አዘጋጅ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ «ይግላል» ብሎ የሚጽፍ ሲመጣ መጀመሪያ ይጠይቁልን፦ ላፕቶፑ ስንት ዓመቱ ነው፣ ተከፍቶ ተጠርጎ ያውቃል ወይ፣ የት ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው፣ ወንፊቱ በየት በኩል ነው? እኔ ያስጠረግኩበት ሒሳብ የፓዱን ሲሶ አይሞላም። ቅደም ተከተሉን ባውቅ ኖሮ መጀመሪያ አስጠርጌ፣ ቆርኪውን ሞክሬ፣ ከዚያ ቢያስፈልግ ነበር ሱቅ የምሄደው። ሻጩንም አልረግመውም፤ 20 ዲግሪ ማለቱን ግን ይተው።

ፓዱን አልጣልኩትም። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት፣ ፀሐይዋ መስኮቱን ይዛ ስትቆይ እሰካዋለሁ፤ አራት ዲግሪም በአዳማ ግንቦት ዲግሪ ነው። ሲመሽ ነቅዬ ቆርኪዎቹን እመልሳለሁ። ጋቢው ወደ ሳጥን ገብቷል፣ ወንድሜም ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጫወተው፣ ወገቤን አመመኝ እያለ። አሁን ይህን ስጽፍ የእሑዱ ሠርግ 64 በመቶ ደርሷል፤ መብራት ካልጠፋ ሙሽሮቹ ነገ ይወስዱታል።

አክባሪያችሁ፣
የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪዋ፣ ከአዳማ